ታኮን በማሽን መከርከም፦ ለአነስተኛ የጫማ ማምረቻ የአሠራር መመሪያ

ከተነባበረ ቆዳ ወይም ከጎማ የሚሠራ ታኮ በሶሉ ላይ ተጣብቆ በሚስማር ሲመታ፣ ዙሪያው ሆን ተብሎ ከሚፈለገው ልክ 1 ወይም 2 ሚሊ ሜትር ሰፋ ብሎ ይተዋል። ይህን ትርፍ አንስቶ የታኮውን ጎን ከሶሉ ጠርዝ ጋር የሚያስማማው የታኮ መከርከሚያ ማሽን ነው። ማሽኑ በራሱ የሚለካው ነገር የለም። በከፍተኛ ፍጥነት የሚሽከረከር ቅርጽ ያለው ፍሬዛ (ባለ ጥርስ መቁረጫ)፣ ስለቱን ከጫማው የላይ ቆዳ የሚለይ ቀጭን የብረት ከንፈር፣ ጫማውን ይዘው የሚያዞሩ ሁለት እጆች፤ ሥራው በእነዚህ ሦስቱ መስማማት ላይ የቆመ ነው። የዚህ መመሪያ ሰፊ ክፍል ማብሪያው ከመነካቱ በፊት ስለሚደረገው ዝግጅት የሚናገረውም ለዚህ ነው፤ ሲከረከም ተበላሸ የሚባል ታኮ አብዛኛውን ጊዜ የተበላሸው ገና ፍሬዛው ሲታሰር ነው።

መመሪያው የተጻፈው በመርካቶ ዙሪያ እንዳሉት ላሉ፣ ያገለገለ ማሽን ገዝተው በጥቂት ሠራተኞች የቆዳ ጫማ ለሚሠሩ ማምረቻዎች ነው። ረጅም የሴት ጫማ ላይ የሚገባው ቀለም የተቀባ የፕላስቲክ ታኮ ልኩን ይዞ ከፋብሪካ ስለሚመጣ አይከረከምም፤ በእሱ ላይ የሚከረከመው መሬት የሚነካው መርገጫ ብቻ ነው። ታኮ፣ ፎርማ (ጫማው የሚሠራበት የእግር ቅርጽ) እና ፍሬዛ የሚሉት ቃላት ሦስቱም ከጣሊያንኛ የመጡ ሲሆኑ፣ የጣሊያኗ ቪጄቫኖም በጫማና በጫማ ማሽኖች የታወቀች ከተማ ናት። በማሽኑ አካል ላይ የተለጠፈው ሰሌዳ በጣሊያንኛ የተጻፈ ከሆነ «ጂሪ» የሚለው ቃል ዙር ማለት መሆኑን ማወቅ ይጠቅማል፤ ከአጠገቡ ያለው ቁጥር ማሽኑ በደቂቃ ስንት ጊዜ እንዲዞር እንደተሠራ የሚነግር ነውና።

ኤሌክትሪኩና ፍጥነቱ

በአገራችን ባለ ሦስት መስመሩ ኃይል 380 ቮልት፣ ባለ አንድ መስመሩ 220 ቮልት ሲሆን፣ የሁለቱም ድግግሞሽ 50 ኸርዝ ነው። በዚህ ድግግሞሽ ፈጣኑ ዓይነት ሞተር በደቂቃ 2,850 ዙር አካባቢ ይዞራል። ይህ ፍጥነት ታኮ ለመከርከም አይበቃም፤ ስለዚህ በሞተሩ ላይ ትልቅ፣ በፍሬዛው ዘንግ ላይ ትንሽ ፑሌጃ (ቺንጋው የሚጠመጠምበት ጎማ) ተደርጎ ፍጥነቱ በቺንጋ ይባዛል። ለምሳሌ የሞተሩ ፑሌጃ 150 ሚሊ ሜትር፣ የዘንጉ ደግሞ 50 ሚሊ ሜትር ስፋት ቢኖራቸው፣ ዘንጉ 2,850 በ3 ተባዝቶ በደቂቃ 8,550 ዙር ይሽከረከራል። በዚህ ዘንግ ላይ የታሰረ 60 ሚሊ ሜትር ስፋት ያለው ፍሬዛ የስለቱ ጫፍ በሴኮንድ 27 ሜትር ገደማ ይጓዛል። ይህ በሰዓት ሲሰላ ወደ 97 ኪሎ ሜትር ይጠጋል፤ በጣት ርቀት ላይ እንዲህ ያለ ፍጥነት እንዳለ የማያስብ ሰው ማሽኑ ፊት ባይቆም ይሻላል።

ፑሌጃ በሚቀየርበት ጊዜ ይህ ስሌት እንደገና ተሠርቶ፣ የሚገኘው ዙር በፍሬዛው ላይ ከተቀረጸው ከፍተኛ ዙር እንደማይበልጥ መረጋገጥ አለበት። ቁጥር ያልተቀረጸበትን ፍሬዛ በግምት ማሠራት አይገባም። የቺንጋው ውጥረት በሁለቱ ፑሌጃዎች መካከል መሐሉ ላይ በአውራ ጣት ተጭኖ ይፈተሻል፤ በመካከላቸው 40 ሳንቲ ሜትር ርቀት ካለ 6 ሚሊ ሜትር ያህል ቢረግብ ትክክል ነው። ከዚህ ከላላ ቺንጋው በሥራ መሐል ይንሸራተታል፣ ዙሩም ይወርዳል፤ ከዚህ ከጠበቀ ደግሞ ዘንጉ የሚዞርበትን ኩሽኔታ ያለ ጊዜው ይበላዋል።

በባለ ሦስት መስመር ሞተር ላይ ሁለት ገመዶች ቦታ ከተቀያየሩ ሞተሩ ወደ ኋላ ይዞራል። የኤሌክትሪክ ባለሙያ ቆጣሪውን ወይም መስመሩን ነክቶ በሄደ ቁጥር፣ ፍሬዛው ከዘንጉ ወርዶ የዙሩ አቅጣጫ መታየት አለበት። ምክንያቱ ቀላል ነው፤ ፍሬዛውን የያዘው ዳዶ ጥርሱ የተቆረጠው ዘንጉ በትክክለኛው አቅጣጫ ሲዞር እንዲጠብቅ ሆኖ ስለሆነ፣ አቅጣጫው ሲገለበጥ ዳዶው ሊላላና ፍሬዛው ከዘንጉ ሊወጣ ይችላል። ሌላው የማይታለፍ ነገር መብራት ሄዶ ሲመለስ ማሽኑ በራሱ እንዳይነሳ የሚያደርገው ማብሪያ ነው። መብራት ሲጠፋ ራሱን የሚያጠፋና ቁልፉ ዳግም ካልተጫነ የማይነሳ ማብሪያ ያልተገጠመለት ማሽን፣ ሠራተኛው በጨለማ ፍሬዛውን ሲጠርግ ሊነሳበት ይችላል። በአሮጌ ማሽኖች ላይ ይህ ብዙ ጊዜ ስለማይኖር፣ ማሽኑ ተገዝቶ ሥራ ከመጀመሩ በፊት ቢገጠም ለወጪው የሚያስቆጭ አይደለም።

ፍሬዛውን መምረጥ፣ መሳልና ማሰር

የፍሬዛው ቅርጽ የታኮውን ጎን ቅርጽ ይወስናል። ቀጥ ያለ ጎን ለሚፈለግበት የወንድ ጫማ ቀጥ ያለ ስለት፣ ወደ ውስጥ ገባ ላለ ጎን ደግሞ ሆዱ ወጣ ያለ ስለት ይመረጣል። የስለቱ ርዝመት ከታኮው ቁመት ጥቂት መብለጥ አለበት፤ አጭር ስለት በመርገጫው ጠርዝ ላይ ያልተነካ ክር የመሰለ መስመር ይተዋልና። ታኮው 25 ሚሊ ሜትር ቢሆን 30 ሚሊ ሜትር ስለት ይበቃዋል።

ስለቱ ሲሳል የሚነካው የፊት ገጹ ብቻ ነው። በእንዲህ ዓይነት ፍሬዛ ላይ ቅርጹ ያለው በጀርባው ስለሆነ፣ ጀርባውን በሞላ (በሚሽከረከር መሳያ ድንጋይ) የነካ ሰው ስለቱን ብቻ ሳይሆን የታኮውን ሞዴል ጭምር ይለውጣል። ከእያንዳንዱ ጥርስ የሚነሳው ብረት እኩል መሆን ይኖርበታል፤ አንዱ ጥርስ ዝቅ ካለ የሚቆርጡት ሌሎቹ ብቻ ይሆናሉ። ሁለት ተነቃይ ምላጭ ያለው ፍሬዛ ከሆነ ደግሞ ምላጮቹ ጥንድ ሆነው ይሳላሉ፣ ጥንድ ሆነው ይቀየራሉ፤ ከመታሰራቸው በፊትም በትንሽ ዲጂታል ሚዛን ላይ ለየብቻ ተመዝነው ክብደታቸው ይነጻጸራል። በደቂቃ ከ8,000 ዙር በላይ በሚሄድ ዘንግ ላይ ጥቂት የክብደት ልዩነት መንቀጥቀጥ ሆኖ ይወጣል፣ መንቀጥቀጡም በታኮው ላይ ሞገድ ሆኖ ይታያል። ደንዛዛ ስለት የዋህ ነው የሚል አስተሳሰብ በብዙ ማምረቻዎች አለ፤ እኔ በዚህ አልስማማም። የደነዘዘ ስለት ሠራተኛው ጫማውን እንዲገፋ ያስገድደዋል፣ የተገፋ እጅ ደግሞ ሲንሸራተት የሚያርፈው ፍሬዛው ላይ ነው።

ለማሰር በመጀመሪያ ማሽኑ ከሶኬቱ ይነቀላል፤ ማብሪያውን ማጥፋት ብቻውን አይበቃም። ዘንጉና የፍሬዛው ቀዳዳ በንጹሕ ጨርቅ ይጠረጋሉ፤ በመካከላቸው የቀረች አንዲት የቆዳ ብናኝ ፍሬዛውን ታጣምመዋለች። ፍሬዛው የስለቱ ፊት ወደሚዞርበት አቅጣጫ ሆኖ ይገባል፣ ሮንዴላው ይከተላል፣ ዳዶውም በልኩ መፍቻ ይጠብቃል። ከዚያ ዘንጉ በእጅ ቀስ ብሎ እየተዞረ፣ ጠፍጣፋ እንጨት ወደ ስለቱ እስኪነካ ድረስ ይጠጋል። ሁሉም ጥርሶች እንጨቱን በእኩል ድምፅ ካሹት ፍሬዛው መሐል ይዟል፤ አንዱ ብቻ የሚያንኳኳ ከሆነ ተፈትቶ እንደገና ይታሰራል።

ከንፈሩ

ከንፈሩ በጫማው የላይ ቆዳና በታኮው መቀመጫ መካከል ባለው ስንጥቅ ውስጥ ገብቶ የሚንሸራተት ቀጭን ብረት ነው። ሥራው ሁለት ነው፤ ስለቱ የላይ ቆዳውን እንዳይነካ ይከላከላል፣ እጅ ደግሞ ታኮውን ዞሮ እስኪጨርስ ድረስ የሚደገፍበት መንገድ ይሆናል። በመርገጫው በኩል ሁለተኛ መሪ ያላቸው ማሽኖችም አሉ፤ ታኮው ወደ አንድ ወገን ዘምሞ እንዳይከረከም የሚያግዘው እሱ ነው።

በከንፈሩና በስለቱ ጎን መካከል የሚተው ክፍተት የሞባይል ካርድ ውፍረት ያህል ቢሆን እኔ እመርጣለሁ። ክፍተቱ ሲሰፋ በመቀመጫው ላይ ያልተከረከመ ደረጃ ይቀራል፤ ሲጠብ ደግሞ ዘንጉ ሞቆ ጥቂት በሚለጠጥበት ጊዜ ብረት ከብረት ይገናኛል። የከንፈሩ ጠርዝ ከስለቱ ጫፍ ወደ ሠራተኛው በኩል ስንት እንደሚወጣ ደግሞ የሚወስነው ከሶሉ ጠርዝ እስከ ላይ ቆዳው ያለው ርቀት ነው፦ ከንፈሩ ብዙ ከወጣ ስለቱ ታኮውን አይደርስበትም፣ ከገባ ደግሞ ሶሉን ጭምር ይበላል። ይህን በስሌት ከማግኘት ይልቅ የተበላሸ ጫማ ላይ እየከረከሙ በጥቂት በጥቂቱ ማስተካከል ይቀላል። ለዚሁ ብለው ሁለት ሦስት ውዳቂ ጥንድ ከማሽኑ አጠገብ ያስቀምጡ። ከንፈሩ ራሱ በብርጭቆ ወረቀት ለስልሶ መስተዋት እስኪመስል መወልወል አለበት፤ ሻካራ ከንፈር የለሰለሰ ቆዳ ላይ የማይጠፋ ጭረት ይተዋል።

ታኮውን ማዘጋጀት

ማስቲሹ ሙሉ በሙሉ ያልደረቀ ታኮ ወደ ማሽኑ አይቀርብም፤ ንብርብሮቹ በስለቱ ምት ይላቀቃሉ። የቆዳ ታኮ ከመጠን በላይ ከደረቀ ጠርዙ እየፈረፈረ ስለሚሰበር፣ እርጥብ ስፖንጅ ጎኑ ላይ ተደርጎ ውሃው እስኪመጠጥ ድረስ ጥቂት ይጠበቃል። የራሰ ቆዳ ግን አይቆረጥም፣ ይቀደዳል። ጎማ ይህን ዝግጅት አይፈልግም፤ ትልቁ ችግሩ ሙቀት ስለሆነ በቀላል ንክኪ ደጋግሞ መከርከም ይሻለዋል።

ሚስማር ግን በሁሉም ዓይነት ታኮ ላይ የሚፈለግ ጠላት ነው። ከጠርዙ ቢያንስ 6 ሚሊ ሜትር ወደ ውስጥ ገብቶ ቀጥ ብሎ መመታት ሲገባው፣ ጠሞ ወደ ጎን የሚወጣ ሁልጊዜ አይጠፋም። ሥራ በጀመርኩ ሰሞን፣ ታኮው ሌላ ቦታ ተመትቶ የመጣ ጥንድ ሳልፈትሽ አቅርቤ፣ ፍሬዛው ሚስማር መትቶ የስለቱ ስባሪ መነጽሬ ላይ አርፏል። መነጽሩ ባይኖር ይህን መመሪያ የምጽፈው በአንድ ዓይን ነበር። ከዚያ ወዲህ እያንዳንዱን ታኮ ዙሪያውን በትንሽ ማግኔት እዳብሰዋለሁ፤ ማግኔቱ ጎኑ ላይ በጠንካራው ከተሳበ ሚስማሩ ቅርብ ነው ማለት ነው። የነሐስ ሚስማርን ግን ማግኔት አይስበውም፤ ስለዚህ በነሐስ የተመታ ታኮ በዓይንና በጥፍር ይፈተሻል።

በመጨረሻ ጫማዎቹ ጎን ለጎን ተደርገው የተረከዙ መሐል በኋላ በኩል በእርሳስ ይሰመራል። ይህች መስመር ግራና ቀኙ ታኮ ከመሐል እኩል እንዲከረከም ዓይንን ትመራለች። ፎርማው ከጫማው ባይወጣ ይመረጣል፤ ባዶ ተረከዝ በእጅ ጫና ስለሚሰረጉድ ከንፈሩ መንገዱን ይስታል።

መከርከሙ

መነጽርና የጆሮ መከላከያ ይደረጋል፣ እጅጌ ይሰበሰባል፣ ቀለበትና ሰዓት ይወልቃል፣ ሻሽ ወይም ነጠላ ከአንገት ይወርዳል። ጓንት አይደረግም፤ ስለት ጓንትን ሲይዝ እጅን አብሮ ይጎትታል። ብናኝ መሳቢያው ከፍሬዛው ቀድሞ ይከፈታል። የዓለም አቀፉ የካንሰር ምርምር ኤጀንሲ የቆዳ ብናኝን በሰው ላይ ካንሰር ከሚያመጡ ነገሮች ውስጥ መድቦታልና፣ መሳቢያ የሌለው ማሽን ላይ አፍና አፍንጫን በሻርፕ ሸፍኖ መሥራት በቂ ጥንቃቄ አይደለም።

ማሽኑ ከተነሳ በኋላ ሙሉ ፍጥነቱን እስኪይዝ ድረስ ጫማ አይቀርብም። ሠራተኛው እግሮቹን በትከሻው ስፋት ከፍቶ፣ አንዱን እጅ በጫማው አፍንጫ፣ ሌላውን በጫማው ወገብ ላይ አድርጎ ይይዛል፤ ክርኖቹም ከጎኑ ይጠጋሉ። የላይ ቆዳው ከንፈሩ ባለበት ወገን ይሆናል፣ መርገጫው በሌላው ወገን። የታኮው ቁመት በዘንጉ ርዝመት ልክ መተኛት አለበት፤ ጫማው ቀና ወይም ደፋ ካለ ታኮው ከላይ ወይም ከታች ጠብቦ ይወጣል።

በመጀመሪያ ፍሬዛውን ሳይነኩ ከንፈሩን ስንጥቁ ውስጥ ያስገቡ፤ ከዚያ ከንፈሩ ላይ እንደተደገፉ ታኮውን ወደ ስለቱ ያዘንብሉ። ቅደም ተከተሉ ተገልብጦ ስለቱ ቀድሞ ከነካ፣ ፍሬዛው ጫማውን ይነጥቃል። መነሻው ከታኮው ግንባር (ወደ ጫማው አፍንጫ ከሚያየው ፊቱ) ማዕዘኖች አንዱ ነው፤ ከዚያ በተረከዙ ዞሮ እስከ ሌላው ማዕዘን አንድ ያልተቋረጠ ጉዞ ይደረጋል። ጫማው የሚጓዘው ሁልጊዜ ስለቱ ከሚሄድበት አቅጣጫ በተቃራኒ ነው። ከስለቱ ጋር በአንድ አቅጣጫ የተጓዘ ጫማ ከእጅ ተነጥቆ ይወረወራል፤ ከዚህ የተነሳ ግራም ሆነ ቀኝ ጫማ ሲከረከም የመነሻው ማዕዘን የሚመረጠው በማሽኑ ዙር እንጂ በእጅ ምቾት አይደለም።

በጉዞው ላይ የሚዞረው የእጅ አንጓ ብቻ ከሆነ በተረከዙ ጀርባ ላይ ጠፍጣፋ ቦታ ይቀራል፤ ወገብና ትከሻ አብረው ሲዞሩ ግን ክቡ ሙሉ ይሆናል። ይህ በጽሑፍ ከሚገለጸው በላይ በልምምድ የሚመጣ ስለሆነ፣ ማሽኑ ጠፍቶና ከሶኬቱ ተነቅሎ ሳለ ውዳቂ ጫማ ይዞ ጉዞውን መደጋገም ጀማሪን ብዙ ያተርፈዋል። በአንድ ቦታ ላይ መቆም ክልክል ነው፤ የቆመ ታኮ ይቃጠላል ወይም ይጎደጉዳል።

የመጀመሪያው ዙር ከ1 ሚሊ ሜትር ያልበለጠ ያንሳ፣ ሁለተኛው ደግሞ የቀረውን ጥቂት ብቻ። የጉዞው ፍጥነትም ዋጋ አለው። 18 ሳንቲ ሜትር ዙሪያ ያለው ታኮ በ6 ሴኮንድ ቢዞር፣ ከፍሬዛው ጥርሶች አንዱ ብቻ እየቆረጠ እንኳ በየ0.2 ሚሊ ሜትሩ አንድ ምት ያርፍበታል፤ ይህ በዓይን አይታይም። ያው ታኮ በ1.5 ሴኮንድ ከተዞረ ምቶቹ 0.8 ሚሊ ሜትር ይራራቃሉ፣ ጎኑም የማበጠሪያ ጥርስ ይመስላል። የፋብሪካ ሠራተኛ በፍጥነት ሲሠራ አይተው የሚቸኩሉ ጀማሪዎች የሚዘነጉት፣ የእሱ ፍሬዛ በሁሉም ጥርሱ እኩል የሚቆርጥ መሆኑን ነው።

አንዱ ጫማ እንዳለቀ ጥንዱ ወዲያው ይከተላል፤ ሃያ ቀኝ ከርክሞ ሃያ ግራ መጀመር ጊዜ የሚቆጥብ ቢመስልም፣ በመሐል ስለቱ ስለሚደነዝዝና እጅ ስለሚደክም የጥንዱ ታኮዎች አይመሳሰሉም። የሁለቱ ስፋት መርገጫው ላይ በካሊፐር ይለካል፤ ልዩነቱ ከግማሽ ሚሊ ሜትር ከበለጠ ሰፊው እንደገና ይከረከማል። ጫማዎቹ ጠፍጣፋ መስታወት ላይ ቆመው በስኳድራ ከኋላ ሲታዩ ጎናቸው እኩል መቆም አለበት።

ሲበላሽ

በጎኑ ላይ ሞገድ ከታየ በመጀመሪያ የጉዞው ፍጥነት፣ ቀጥሎ የስለቶቹ እኩልነት፣ በመጨረሻ ኩሽኔታው ይጠረጠራል። ኩሽኔታው ማሽኑ ከሶኬቱ ተነቅሎ ዘንጉ በእጅ ወደ ላይና ወደ ታች ሲነቀነቅ ይታወቃል፤ ጨዋታ ካለው ይቀየራል፣ በቅባት የሚድን አይደለም። የተቃጠለ ሽታና የጠቆረ መስመር የደነዘዘ ስለት ምልክት ነው። ታኮው በአንድ ወገን ብቻ ከጠበበ የመርገጫው መሪ ወይም የሠራተኛው አያያዝ ዘምሟል።

ጉዞው በሚያልቅበት የግንባር ማዕዘን ላይ ቆዳው ተገንጥሎ መውጣቱ ግን ከስለቱ ጠባይ የሚመጣ ነው፤ ከበስተጀርባው የሚደግፈው ነገር ስለሌለ የመጨረሻዋ ጠርዝ ትሰነጠቃለች። መፍትሔው የታኮውን ግንባር ቀድሞ አለመቁረጥ ነው። ግንባሩ 2 ሚሊ ሜትር ያህል ተርፎ ይቆይና ጎኑ ከተከረከመ በኋላ ሲቆረጥ፣ የተሰነጠቀው ማዕዘን አብሮ ይነሳል።

ከዚህ በኋላ ጎኑ በ80፣ በ120፣ ከዚያም በ220 ቁጥር ብርጭቆ ወረቀት ይለሰልሳል፣ ቀለም ይቀባል፣ በሰም ይወለወላል። በደንብ የተከረከመ ታኮ 80ን ዘልሎ በ120 ሊጀመር ይችላል።

በየማታው ማሽኑ ከሶኬቱ ተነቅሎ ፍሬዛው በብሩሽ ይጠረጋል፣ ስለቱ በቀጭን ዘይት ይታሻል፣ የብናኝ ከረጢቱም ይራገፋል። ከረጢቱ ውስጥ የቆዳና የጎማ ብናኝ ስላለ፣ ስለት ወይም ሌላ ብረት የሚሳልበት ሞላ ከዚያው መሳቢያ ጋር አይገናኝም፤ አንዲት የብረት ፍንጣሪ ሌሊቱን ውስጥ ውስጡን ልትነድ ትችላለች። ከማሽኑ አጠገብ አንድ ደብተር ይንጠልጠልና ፍሬዛው የተሳለበት ቀንና ከዚያ ወዲህ የተከረከመው ጥንድ ብዛት ይመዝገብበት፤ ከሁለት ሦስት ወር በኋላ የእርስዎ ፍሬዛ በእርስዎ ቆዳ ላይ በስንት ጥንድ እንደሚደነዝዝ ደብተሩ ስለሚነግርዎ፣ ሽታውን ሳይጠብቁ ቀድመው ይስሉታል።